ባሕር ደግሞ ይሞላል እንዴ?

ስልኬ የጮኸው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አካባቢ ነበር። ወሩ ግንቦት፣ ዓመቱ 2010። የአጎቴ ልጅ ነው። የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ጅቡቲ ላይ ጭነት ሲጠብቅ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርስ "አንተ የውሃ ሰው አይደለህ?" አለኝ። "ሳጋር የሚሉት አውሎ ነፋስ እየመጣ ነው አሉ። መኪናዋን ያቆምኳት ባሕሩ ጥግ ነው። ባሕሩ ይወጣል ወይስ አይወጣም? ቁርጡን ንገረኝ።"

ቁርጡን አላወቅሁም።

ጅማ ውስጥ ሃይድሮሊክስ አስተምራለሁ። ወንዝ አውቃለሁ። የድልድይ ከፍታ አሰላለሁ፤ የግድብ ማስተንፈሻ አሰላለሁ። ባሕር ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። የምንኖረው ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አልፈን ነው። "ለማንኛውም ከፍ ወዳለ ቦታ ውሰዳት" አልኩት። ወሰዳት። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሰጠሁት መልስ ማንም መንገደኛ የሚሰጠው መልስ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ስለ ውሃ የተማረ ሰው መልስ አልነበረም።

ሳጋር ግንቦት 11 ቀን በሰሜን ምዕራብ ሶማሊያ ጠረፍ በኩል ወደ የብስ ገባ። በሰሜን ሕንድ ውቅያኖስ ከተመዘገቡት አውሎ ነፋሶች መካከል የእሱን ያህል ወደ ምዕራብ ዘልቆ መሬት የነካ አልነበረም። ጅቡቲን ያጥለቀለቃት የሰማዩ ውሃ ነው፤ ዝናቡ ጎርፍ ሆነ። ዝናቡ እኛም ሶማሌ ክልል ድረስ ደርሷል። የወንድሜ መኪና ደህና ሆነች። ጥያቄው ግን እኔ ዘንድ ቀረ።

እሑድ ቡና ላይ ለእማዬ አጫወትኳት። ስኒውን እንደያዘች አየችኝና "ባሕር ደግሞ ይሞላል እንዴ?" አለች። "ድሮስ ሙሉ አይደል?"

እውነቷን ነው። እኛ አገር የሚሞላው ወንዝ ነው። "አዌቱ ሞላ" ከተባለ ጅማ ውስጥ ማብራሪያ የሚጠይቅ የለም። ልጅ ያለው ልጁን ይጠራል፤ ወንዙ ዳር ሱቅ ያለው ዕቃውን ከወለል ያነሳል። አንድ ቃል ናት፤ ሰውን ከመቀመጫው ታስነሳለች። ባሕር ግን በእኛ አነጋገር የማይጨምር የማይቀንስ ነገር ነው። የባሕር ነገር ሲነሳ ያለን ቃል "ማዕበል" ነው። ማዕበል ሲባል ደግሞ ሰው የሚያየው ተነስቶ የሚወድቅ ሞገድ ነው። መጥቶ ይመለሳል።

ይኼኛው አይመለስም። ቢያንስ ለሰዓታት አይመለስም። አውሎ ነፋስ ባሕሩን ወደ ጠረፍ ገፍቶ ሲያከማቸው፣ የባሕሩ ወለል እንዳለ ከፍ ይላል። ሞገዱ ከፍ ባለው ውሃ ላይ ሆኖ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ድሮ ግንቡን መትቶ ይመለስ የነበረ ሞገድ አሁን የሰው መስኮት ይመታል። ከመሬት መንቀጥቀጥ ከሚመጣው ሱናሚም የተለየ ነው፤ ይኼ የነፋስ ሥራ ነው። እኔ ለተማሪዎቼ "የባሕር ሙላት" እለዋለሁ። ቃሉን ያገኘሁት ከእማዬ ጥያቄ ነው።

የዚያን ቀን ለእሷ ያስረዳኋት በትሪ ነው። የስኒውን ትሪ አንስቼ ስስ ውሃ አፈሰስኩበት። ከአንዱ ጠርዝ እፍ አልኩበት። ውሃው ሸሽቶ ማዶ ተከማቸ፤ በእኔ በኩል ትሪው ደረቀ። ከዚያ ባልዲ ውሃ አመጣሁና በዚያው ትንፋሽ እፍ አልኩበት። ላዩ ተሸበሸበ እንጂ ከፍ አላለም። ባልዲው ውስጥ ነፋሱ ላዩን ሲገፋ ውሃው ከስር በኩል ዞሮ የሚመለስበት ቦታ አለው። ትሪው ላይ መመለሻ የለውም። "እኛ ደግሞ የሚያስፈራው ጥልቁ ነው ስንል" አለች እማዬ። ትሪውን ግን ቶሎ አስመለሰችኝ፤ ሦስተኛው ቡና ደርሶ ነበር።

በዚያ ሳምንት የግድብ ማስተማሪያ ወረቀቶቼን ሳገላብጥ አንድ ነገር አገኘሁ። ለካ ዓመታት ሙሉ የባሕር ሙላት ሳስተምር ኖሬያለሁ።

የአፈርም ሆነ የድንጋይ ግድብ ስትሠራ የግድቡ ጫፍ ከውሃው ምን ያህል ከፍ ማለት እንዳለበት ታሰላለህ። ነፋስ ውሃውን ወደ ግድቡ ስለሚገፋው የሚጨመር ከፍታ አለ። ለዚህ የምንጠቀምበት አሮጌ ቀመር አለ። የነፋሱን ፍጥነት በራሱ ታባዛለህ። ነፋሱ ውሃው ላይ በሚሮጥበት ርቀት ታባዛለህ። በውሃው ጥልቀት ታካፍላለህ። ከዚያ በ62,000 ታካፍላለህ። ፍጥነቱ በሰዓት ኪሎ ሜትር፣ ርቀቱ በኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ በሜትር ከሆነ መልሱ በሜትር ይመጣል። ሻካራ ግምት ነው፤ ግን ዓይን ይከፍታል።

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ የሚያጋጥምህን የጊልጌል ግቤ ሐይቅ አስብ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ መብራት የሚሰጠን ነው። ነፋሱ 10 ኪሎ ሜትር ይሩጥ፣ ጥልቀቱ 15 ሜትር ይሁን፣ ፍጥነቱ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ይሁን። መልሱ ስድስት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ተማሪዎቼ ይህን ቁጥር ጽፈው፣ ከስሩ መስመር አስምረው ያልፋሉ። እኔም አልፈው ነበር።

ጣና ላይ ሞክረው። ጣና ሰፊ ነው፤ ጥልቀቱ ግን በአማካይ ከስምንትና ዘጠኝ ሜትር አይበልጥም። ነፋሱ በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር ሆኖ 70 ኪሎ ሜትር ቢሮጥ 40 ሴንቲ ሜትር ታገኛለህ። አሁን ያንኑ ቀመር ይዘህ ወደ ቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ጫፍ ሂድ። ባንግላዴሽ ፊት ለፊት ባሕሩ በጣም ሰፊ ትሪ ነው። ነፋሱ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር፣ ርቀቱ 100 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ 10 ሜትር ይሁን። ከአምስት ሜትር በላይ ይመጣል። ያ ማለት በአንድ ፎቅ ቤት ጣሪያ ላይ የቆመ ባሕር ነው።

ቀመሩን ስጽፍ እጄ ቆመ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1970 በቦላ አውሎ ነፋስ እዚያው ጠረፍ ላይ ከ300,000 ያላነሰ ሰው አልቋል። አብዛኛውን የገደለው ነፋሱ ሳይሆን ውሃው ነው። እኔ በስድስት ሴንቲ ሜትር የማልፈው ቀመር እዚያ ይህን ያህል ሕይወት ነው።

ቀመሩ የተጠራው ዞይደርዜ በተባለ የኔዘርላንድ ባሕረ ሰላጤ ነው። ደቾች ያን ባሕረ ሰላጤ በ32 ኪሎ ሜትር ግድብ ሊዘጉት ተነሱ። ጥያቄው ግድቡ ከተሠራ በኋላ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ከግድቡ ውጭ የቀሩት ጠረፎች ላይ ውሃው ምን ያህል ይጨምራል የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 አንድ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ሄንድሪክ ሎሬንትዝ ነበር፤ በ1902 በፊዚክስ ኖቤል የተሸለመው ሎሬንትዝ። ስለ ብርሃንና ስለ ኤሌክትሮን ሲያስብ የኖረ ሰው፣ በስተርጅና ስምንት ዓመት ተቀምጦ የባሕር ሙላት አሰላ። ባሕሩን ቦይ በቦይ ከፋፍሎ፣ በእጅ። ሪፖርቱ በ1926 ወጣ። እሱ በ1928 ሞተ። ግድቡ የተዘጋው በ1932 ነው። ሎሬንትዝን ሳስብ ሁሌ የሚነካኝ ይህ ነው። ሥራው ትክክል መሆኑን ሳያይ ነው የሄደው።

ዛሬ ያንን ሥራ ኮምፒውተር ይሠራዋል። እንዴት እንደሚሠራው ለማስረዳት ከገበጣ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ገበጣ አስብ፤ ግን ጉድጓዶቹ በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። እያንዳንዱ ጉድጓድ የባሕር ቁራጭ ነው። አንዱ ጎኑ አንድ ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል። ውስጡ ያለው ጠጠር ውሃው ነው። በእያንዳንዱ ዙር ኮምፒውተሩ ለየጉድጓዱ ይጠይቃል፦ ነፋሱ ወዴት ይገፋሃል? ጎረቤትህ ካንተ ከፍ ብሏል ወይስ ዝቅ? ታችህ ያለው መሬት ምን ያህል ይይዝሃል? የምድር መዞር ወዴት ያጣምምሃል? ከዚያ ጠጠር ይወጣል፤ ጠጠር ይገባል። አንድም ጠጠር አይጠፋም፤ አንድም አይፈጠርም። ዙሩ ያልቃል፤ እንደገና ይጀመራል።

አንድ ጥብቅ ሕግ አለ። በአንድ ዙር ውስጥ ውሃው ጉድጓድ መዝለል የለበትም። ኩራንት፣ ፍሪድሪክስ እና ሌዊ የተባሉ ሦስት የሒሳብ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1928 ያወጡት ሕግ ነው። 50 ሜትር ጥልቀት ባለው ባሕር ላይ እንዲህ ያለ ረጅም ሞገድ በሴኮንድ 22 ሜትር ያህል ይሄዳል። ጉድጓዱ አንድ ኪሎ ሜትር ከሆነ አንዱ ዙር ከ45 ሴኮንድ መብለጥ የለበትም። ጉድጓዱን 100 ሜትር ካደረግኸው ዙሩ ከአራት ሴኮንድ ተኩል አያልፍም። ሕጉን ከጣስክ ሞዴሉ ይፈነዳል፤ ስክሪኑ ላይ ባሕሩ ሰማይ ይነካል። ስለዚህ ነው ከተማ አጠገብ ደቃቅ፣ ጥልቁ ባሕር ላይ ሰፋፊ ጉድጓድ የምንፈልገው። አድሰርክ የሚባለው ሞዴል ባሕሩን በትልልቅና በትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች የሚሸፍነው ለዚህ ነው። አሜሪካኖቹ ለረጅም ዘመን የተጠቀሙበት ስሎሽ ደግሞ ቀለል ያለና ፈጣን ነው። ፈጣን መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም፤ አውሎ ነፋስ እስክትጨርስ አይጠብቅህም።

ከሳጋር በኋላ ባለው ዓመት እኔም ላፕቶፔ ላይ ትንሽ ሞዴል መጻፍ ጀመርኩ። ማታ ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ። መብራት ሲጠፋ ስሌቱ ይቋረጣል። ስለዚህ በየአሥር ደቂቃው የደረሰበትን እንዲያስቀምጥ አደረግሁት። ያቺን መስመር ኮድ እስከ ዛሬ እወዳታለሁ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ቀላል ነበር። ሰሜን ላይ የብስ ያለው አራት ማዕዘን ባሕር ሠራሁ። ከደቡብ ነፋስ ለቀቅሁበት። ውሃው ሰሜን ላይ መከማቸት ነበረበት። ሸሸ። ጠረፉ ደረቀ። ሦስት ምሽት ኮዱን አገላበጥኩ። ስህተቱ ግን ኮዱ ውስጥ አልነበረም፤ ነፋሱን በሰጠሁበት አቅጣጫ ላይ ነበር። የሜትሮሎጂ ሰዎች ነፋስን የሚጠሩት ከመጣበት ነው። "የደቡብ ነፋስ" ማለት ከደቡብ የመጣ ነው። ሞዴሉ የሚጠይቀው ግን ወዴት እንደሚሄድ ነው። እኔ የመጣበትን እንዳለ ሰጠሁት። አንድ የመቀነስ ምልክት ባሕሩን ገለበጠችው።

ያን ሌሊት አያቴ ትዝ አለኝ። ደዶ ውስጥ ገበሬ ነበር። አውድማ ላይ ገብሱ ከተወቃ በኋላ ነፋስ ይጠብቃል። እፍኝ ገለባ ወደ ላይ ይበትንና ያያል። ከዚያ "ዛሬ ከከፋ በኩል ነው" ይላል። ወይም "ከጅማ በኩል ነው"። አንድም ቀን ወዴት እንደሚሄድ ሲናገር አልሰማሁትም። የሚጠራው ከመጣበት ነበር። የሚቆምበትን ቦታ የሚመርጠውም በዚያ ነው፤ ገለባው ዓይኑ ውስጥ እንዳይገባ። ነፋሱ ከደከመ መንሹን ያስቀምጣል። ከበረታ ደግሞ ፍሬውም ከገለባው ጋር ስለሚሄድ ያቆማል። እሱ ነፋስን በደንብ ሳያነብ ሥራ አይጀምርም ነበር።

የባሕር ሙላት ትንበያም እንዲሁ ነው። ከሁሉ በላይ መናገር የምፈልገው ይህን ነው። የውሃው ስሌት የታወቀ ነው። ከሎሬንትዝ ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም። ስህተቱ የሚኖረው ነፋሱ ውስጥ ነው። ውሃውን የሚገፋው ኃይል የፍጥነቱ ብዜት ነው፤ በራሱ የተባዛ። ነፋሱን በ10 በመቶ ካበዛኸው ሙላቱ በ21 በመቶ ይበዛል። በ20 በመቶ ካሳነስከው ከሙላቱ ሲሶ በላይ ይጠፋብሃል። ሰው ለውሃው ሞዴል ይጨነቃል፤ ነፋሱን ግን ከሆነ ቦታ አውርዶ ይለጥፈዋል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ለምሳሌ የነፋስ መለኪያ ስንት ሜትር ላይ እንደተተከለ ማንም አይጠይቅም። የዓለም ልማድ 10 ሜትር ነው። ለእርሻ ሥራ የሚተከሉት ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ሜትር ላይ ናቸው። መሬት አጠገብ ነፋስ ይደክማል። የሁለት ሜትሩን ቁጥር እንደ አሥር ሜትር ወስደህ ካሰላህ፣ ሙላቱን ከመጀመሪያው አሳንሰኸዋል። ባሕር ላይ ደግሞ ምሰሶ የለም። መርከቦች አውሎ ነፋስ ሲመጣ ይሸሻሉ፤ መሸሽም አለባቸው። ስለዚህ ከሳተላይት ነው የምናነበው። አስካት የሚባለው መሣሪያ ወደ ባሕሩ የራዳር ምት ይልክና ከውሃው ሽብሽባት ላይ ተመልሶ የሚመጣውን ይለካል። ነፋሱ ውሃውን ምን ያህል እንዳሻከረው ያያል። ሳስበው እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። አያቴ በገለባ ያነበበውን፣ ሳተላይቱ በውሃ ቆዳ ላይ ያነበዋል።

ሌላም አለ። ነፋስ ውሃን የሚይዝበት ጉልበት ቋሚ አይደለም። ነፋሱ ሲጨምር ባሕሩ ይሻክራል፤ ሲሻክር ነፋሱ ይበልጥ ይይዘዋል። ይህ ግን እስከ መጨረሻው አይቀጥልም። እ.ኤ.አ. በ2003 ማርክ ፓወልና ባልደረቦቹ ከአውሮፕላን ወደ አውሎ ነፋስ ውስጥ ከተጣሉ መሣሪያዎች ያገኙትን ቁጥር መርምረው፣ ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ33 ሜትር ገደማ ሲያልፍ መያዣው መጨመሩን እንደሚያቆም አሳዩ። አረፋውና ፍንጣሪው ባሕሩን ያለሰልሰዋል። ከዚያ በፊት በነበረው ቀመር የሚሠራ ሰው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ላይ አጋንኖ ይገምት ነበር።

በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ኢዳይ የሚባለው አውሎ ነፋስ መጣ። ሞዛምቢክ፣ የወደብ ከተማዋ ቤይራ። በሞዛምቢክ ብቻ ከ600 በላይ ሰው ሞተ። በዜና ሳየው ያቺ የግንቦት ምሽት ተመለሰችብኝ። ጥቂት ቆይቼ ኢዳይን በሞዴሌ ልደግመው ወሰንኩ። ያለፈን አውሎ ነፋስ መልሶ ማስላት የሙያው ትምህርት ቤት ነው። መልሱ ስለሚታወቅ ራስህን ታርማለህ።

ነፋሱን ኢአርኤ5 ከሚባለው የአውሮፓውያን የአየር ሁኔታ መዝገብ ወሰድኩ። በነጻ ይገኛል። በየሰዓቱ፣ ለመላው ዓለም፣ እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ። እንዲህ ያለ ሀብት ጅማ ቁጭ ብሎ ማግኘት መታደል ነው። ፋይሉ ለመውረድ ሁለት ሌሊት ፈጀ። አሰላሁ። ውሃው ከፍ አለ፤ ግን እምብዛም። ከተማ የሚያጠፋ ውሃ አልነበረም።

ምክንያቱን ለማግኘት ሳምንት ወሰደብኝ። መዝገቡ ዓለምን የሚያየው በ31 ኪሎ ሜትር ቁራጭ ነው። የአውሎ ነፋስ እጅግ የከፋው ክፍል ግን በዓይኑ፣ ማለትም በመካከሉ፣ ዙሪያ ያለ ጠባብ ቀለበት ነው። ሰፊ ወንፊት ደቃቅ ነገር አይዝም። ቀለበቱ ሾልኮ ሄዷል። መፍትሔው የቆየ ነው። ግሬግ ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው ቀመር አለ። የዓይኑን ቦታ፣ የአየር ግፊቱንና ኃይለኛው ነፋስ ከዓይኑ ምን ያህል እንደሚርቅ ትሰጠዋለህ፤ ሙሉውን አውሎ ነፋስ ይስልልሃል። እሱን መዝገቡ ላይ ሰፋሁት። አሁን ባሕሩ ተነሳ። የአየር ግፊቱም የራሱን ይጨምራል። ግፊቱ በአንድ ሄክቶፓስካል ሲወርድ ውሃው በአንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። በ50 ሲወርድ ግማሽ ሜትር ማለት ነው። ይህም ሆኖ ዋናው ገፊ ነፋሱ ነው።

ከዚያ ዓይኑን ትንሽ ወዲያና ወዲህ ማንቀሳቀስ ጀመርኩ። ከምድር ወገብ በታች አውሎ ነፋስ የሚዞረው እንደ ሰዓት ቆጣሪ ነው። ስለዚህ ከምሥራቅ ሲመጣ፣ ከዓይኑ በስተደቡብ ያለው ነፋስ ወደ የብስ ይገፋል። በስተሰሜን ያለው ወደ ባሕር ይገፋል። ዓይኑ ከከተማዋ በሰሜን በኩል ቢገባ ባሕሩ ወደ ከተማዋ ይወጣል። መንገዱን በ50 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ሳዞረው እዚያው ጠረፍ ላይ ውሃው ሸሸ። ያው አውሎ ነፋስ፣ ያው ጉልበት። 50 ኪሎ ሜትር ከጅማ ግቤ ከመድረስ አይበልጥም። የአንድ ቀን ትንበያ ይህን ያህል ቢስት የሚገርም አይደለም። ለዚህ ነው የትንበያ ማዕከላት አንድ መልስ የማይሰጡት። የአውሮፓው ማዕከል መነሻውን ትንሽ ትንሽ እየለዋወጠ 50 ትንበያ ጎን ለጎን ያስኬዳል። ከ50ው ስንቱ ውሃውን ከተማ ውስጥ እንዳስገባው ይቆጠራል።

ወንድሜ "ቁርጡን ንገረኝ" ሲለኝ ቁርጥ እንደሌለ አላውቅም ነበር። "ከአሥሩ በሦስቱ ይወጣል፤ መኪናህ ግን አንድ ናት፤ አንሳት" ማለት ነበረብኝ። ይህ መልስ "ለማንኛውም" ከማለት በጣም ይለያል። የሚያደርገው ነገር አንድ ዓይነት ቢሆንም፣ ለምን እንደሚያደርገው ያውቃል። በሚቀጥለው ጊዜ ሳይወጣ ቢቀርም "ዋሸኝ" አይለኝም።

ስለ ጨረቃም ላንሳ፤ ያለ ነፋስም ባሕሩን በየቀኑ ከፍና ዝቅ የምታደርገው በዋናነት እሷ ናት። ቤይራ ላይ በሙሉ ጨረቃና በአዲስ ጨረቃ ሰሞን ባሕሩ በከፍታውና በዝቅታው መካከል ከ6 ሜትር በላይ ይወርዳል ይወጣል። ኢዳይ የገባው ጨረቃዋ ግማሽ በነበረችበት ሰሞን ነው። ያኔ የባሕሩ መውጣትና መውረድ አነስተኛ ነው። ጨረቃዋ ልትሞላ የቀራት ሳምንት ነበር። በሳምንት ቢዘገይ ኖሮ፣ በከፍታው ሰዓትም ቢገጥም፣ ያው ነፋስ ብዙ ከፍ ካለ ባሕር ላይ ይነሳ ነበር። ሞዴሌ ላይ ቀኑን ቀይሬ አየሁት። ላፕቶፑን ዘግቼ ወጣሁና በረንዳ ላይ ብዙ ቆየሁ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ስሌት ተሠርቶ ቃሉ ካልደረሰ ምን ይጠቅማል? እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 1953 ማታ የኔዘርላንድ ሜትሮሎጂ ተቋም አደገኛ የባሕር ሙላት እንደሚመጣ አስጠንቅቆ ነበር። ሬዲዮው ሌሊት አይሠራም ነበር። ሰው ተኝቶ ነበር። 1,836 ሰው ሞተ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሀይያን ፊሊፒንስን ሲመታ ትንበያው ነበር፤ ውሃው በሜትሮች እንደሚነሳም ተነግሯል። የተነገረው ግን በእንግሊዝኛ የሙያ ቃል ነው። ታክሎባን ውስጥ ብዙ ሰው ቃሉን ሰምቷል፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባውም። ከሞት የተረፉት፣ ሱናሚ ቢባሉ ኖሮ ይሸሹ እንደነበር ተናግረዋል። ከ6,000 በላይ ሰው ነው ያለቀው።

ይህን ካነበብኩ ወዲህ የእማዬ ጥያቄ ሌላ ሆኖ ይሰማኛል። "ባሕር ደግሞ ይሞላል እንዴ?" ሰው ከመሸሹ በፊት የሚጠይቀው ይህን ነው። መልሱን ቀድሞ ያልሰማ ሰው፣ ውሃው በር ላይ ሲደርስ ነው የሚሰማው።

ባንግላዴሾች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. ከ1970 በኋላ ከቀይ ጨረቃ ማኅበር ጋር ሆነው በጎ ፈቃደኞችን አሠለጠኑ። ትንበያው ከዋና ከተማው ይመጣል፤ ከዚያ በሰው እግር ይሄዳል። ባንዲራ ይሰቀላል፤ በድምፅ ማጉያ ይጠራል፤ በር ይንኳኳል። በአምድ ላይ የቆሙ መጠለያዎች ተሠሩ። በ1991 እንደገና 138,000 ያህል ሰው አለቀ፤ ገና ብዙ ይቀራቸው ነበር። በ2007 ሲድር ሲመጣ የሞተው ከ3,000 በላይ ነው። ሦስት ሺህም ብዙ ነው። ግን ከ1970ው ጋር አስተያየው። ሞዴሉ ተሻሽሏል፤ ነፋሱም በሳተላይት ይነበባል። ያም ሆኖ ሽማግሌዋን እጇን ይዞ መጠለያ ድረስ የወሰዳት ሞዴሉ አይደለም።

ተማሪዎቼ "መምህር፣ ባሕር ለሌለን ለምን ይኼን እንማራለን?" ይሉኛል። የግቤን ስድስት ሴንቲ ሜትርና የቤንጋልን አምስት ሜትር ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን እጽፍላቸዋለሁ። ከዚያ ስንቶቻችሁ ጅቡቲ መንገድ ላይ ዘመድ አላችሁ እላለሁ። ከአርባ ተማሪ አሥራ አንድ እጅ የተነሳበት ክፍል ነበር።

ባለፈው ዓመት ወንድሜን አንድ ነገር ለመንኩት። ጅቡቲ ጭነት ሲጠብቅ ሁሌ ሻይ የሚጠጣበት ቦታ አለ። አጠገቡ ወደ ባሕሩ የሚወርድ የድንጋይ ደረጃ አለ። "እዚያ ስትቀመጥ ስንት ደረጃ ደርቆ እንደሚታይ ቁጠርልኝ። ሰዓቱንና ነፋሱ ከየት እንደሆነ ጨምረህ ላክልኝ" አልኩት። መጀመሪያ "ሥራ ፈታህ እንዴ?" አለኝ። አሁን ግን ያለ ማሳሰቢያ ይልካል፤ በድምፅ።

እኔ እዚህ ከጨረቃዋ ተነስቼ በዚያ ሰዓት ባሕሩ የት መሆን እንዳለበት አሰላለሁ። ከዚያ እሱ የቆጠረውን እቀንስበታለሁ። የሚተርፈው ነፋሱ ነው። አብዛኛውን ቀን የሚተርፍ ነገር የለም። አንዳንድ ቀን ግማሽ ደረጃ ይተርፋል፤ ያን ቀን ነፋሱን ከየት ብሎ እንደላከልኝ ደግሜ አዳምጣለሁ። በደብተሬ ላይ 63 ቁጥር ደርሻለሁ።

ትናንት ማታ የላከው አጭር ነበር። ከኋላው የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። "አራት ደረጃ ደርቋል። ሰዓቱ አሥራ ሁለት ከሩብ። ነፋሱ ከባሕር ነው፤ ከቅድሙ በርትቷል። መኪናዋን ከወዲሁ ወደ ላይ አውጥቻታለሁ።"